የሴት ተማሪዎችን ጥቃት የመከላከሉ ሥራ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ እንዴት ይድረስ?

ጥያቄ፦ የሥርዓተ ጾታ ክበብ ተጠሪ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም ዞን በአንዲት የወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከማስተምረው የባዮሎጂ ትምህርት በተጨማሪ የሥርዓተ ጾታ ክበብን እንዳስተባብር ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ክበቡ ዕቅድ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፤ በኅዳር የነጭ ሪቫንን ቀን፣ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ማርች 8ን ያከብራል፤ በሚኒ ሚዲያ ግጥም ይነበባል፣ በሰልፍ ሰዓትም ሴት ተማሪዎች «ራሳችሁን ጠብቁ» የሚል ምክር ይሰማሉ። ይህን ሥራ ማናናቅ አልፈልግም። ነገር ግን ልጃገረዶቹ የሚጎዱበት ቦታና እኛ የምንሠራበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸው እያደር ስለ ከበደኝ፣ በዚህ ጉዳይ የሠራችሁ ወይም ያጠናችሁ ወገኖች እንድታማክሩኝ ብዬ ጻፍሁ።

ከሴት ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ስምንተኛ ክፍልን በየቀበሌያቸው ከጨረሱ በኋላ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ትምህርት የሚሰጠው ከተማ ላይ ስለሆነና መንገዱ በየቀኑ ለመመላለስ ስለማይመች፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የዐሥራ አምስትና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለስንቅ ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ደግሞ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና እንጀራውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ምን እንደሚፈሩ ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ስለ መንገዱ፣ የቤት ኪራይ ሲዘገይ ማታ በር ስለሚያንኳኳ አከራይ፣ ሞባይል ስልክ ገዝቶ ከሰጠ በኋላ ውለታውን ስለሚጠይቅ ትልቅ ሰው፣ ከጥናት ሲመለሱ ስለሚከተሏቸው ጎረምሶች ነው። ለመናገር የሚከብድ ሌላም አለ፤ በውጤት የሚያስፈራራ መምህር። ጥር ሲገባ ደግሞ ለስንቅ ሄደው በዚያው ተድረው የሚቀሩ አሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው መቆየታቸውን ታውቃላችሁ። ትምህርት ሲቋረጥ «ትምህርቷን ትጨርስ» የሚለው የቤተሰብ ምክንያት አብሮ ስለሚጠፋ፣ ልጅቱን የሚጠይቅ ሽማግሌ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ በክፍል ውስጥ የተገኙትን ልጆች ማቆየት ከምንጊዜውም በላይ ያስጨንቀኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ተጨማሪ በጀት የሌለው ትምህርት ቤት ጥቃትን በእርግጥ የሚቀንስ ሥራ ለመሥራት ከየት ይጀምር? አንዲት ተማሪ ጥቃት ደርሶብኛል ብላ ስትነግረኝ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ማድረግ ይገባኛል? ወላጆችንና ወንድ ተማሪዎችንስ በምን መንገድ ከሥራው እናግባ?

መልስ፦ ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበሩ መምህርት፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ በዚያ ላይ የሚባክን ሰዓት በኋላ ሊተካ አይችልምና።

ተማሪዋ ተደፍሬአለሁ ካለች መጀመሪያ መሄድ ያለባት ወደ ጤና ተቋም ነው። ኤችአይቪ እንዳይተላለፍ የሚሰጠው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥርም ይበልጥ ይጠቅማል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ድረስ የሚሰጥ ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ቢወሰድ የተሻለ ነው። የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ ተብሎ ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ምርመራው ከመደረጉ በፊት ገላዋን ባትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ ባታጥብ ለማስረጃው እንደሚጠቅም በርኅራኄ ይንገሯት፤ ታጥባ ከሆነም አንዲት የወቀሳ ቃል አይውጣዎት፣ ማስረጃው ያ ብቻ አይደለምና። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የፍትሕ አካላቱን ሥራ የሚያገናኝ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። በየወረዳው ደግሞ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ያሉበትን፣ ማንን ማግኘት እንደሚገባዎም ገና ችግር ሳይደርስ ይወቁ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት ልጅቱን ደጋግሞ ማስነገር ነው። ለክፍል ኃላፊው ትናገራለች፣ ለርእሰ መምህሩ ትናገራለች፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሰብሳቢው ትናገራለች፤ ፖሊስ ዘንድ ስትደርስ ቃሏ ደክሟል፣ ወሬውም ከእርሷ ቀድሞ መንደር ገብቷል። አንዲት የምታምናት መምህርት በራሷ በልጅቱ አነጋገር፣ ቀንና ሰዓት ጨምራ፣ አንድ ጊዜ ትመዝግብ፤ መዝገቡም ከቁልፍ ሥር ይቀመጥ።

ሕጉን በሚመለከት ለተማሪዎችም ለወላጆችም ሊነገር የሚገባው ጥቂት ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚቀጣ ሲሆን፣ የተጠቃችው ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላት ልጅ ከሆነች ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ከዚህም ሌላ ኃይል አልተጠቀምሁም፣ ፈቅዳ ነው የሚል ትልቅ ሰው ከቅጣት አያመልጥም፤ በዚህ ዕድሜ ካለች ልጅ ጋር የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ግንኙነት በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ተጠቂዋ የአጥፊው ተማሪ ስትሆን ቅጣቱ እንዲከብድ ሕጉ ለይቶ ደንግጓል፤ ስለዚህ በውጤት የሚያስፈራራው መምህር ጉዳይ የሥነ ምግባር ጉድለት ተብሎ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚዘጋ አይደለም። ስለ ጠለፋም እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባት ከቅጣት እንዲድን መንገድ ይተው ነበር፤ አሁን ያለው ሕግ አንቀጽ 587 ግን ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ አጥፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ይናገራል።

ይህን የምጽፈው በእኛ አገር ክስን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሽምግልና ስለሆነ ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ምስክር ይጠፋል። ሽምግልና በጎጃም ደምን ያስቆመ፣ የድንበር ጠብን ያበረደ የከበረ ሥርዓት ነው፤ የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ ግን ሁለት አባቶች ተስማምተው ሊዘጉት ሥልጣን የላቸውም፣ ክሱ የመንግሥት ነውና። ትምህርት ቤቱ በዚህ ላይ ከወዲሁ አቋም ይዞ በወመህ ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍረው፣ ችግር የደረሰ ቀን መምህራኑ የአማላጅ ጫና እንዳይበረታባቸው ይረዳቸዋል።

መልስ፦ ወላጅ፣ ቢቸና አካባቢ

መምህርት ሆይ፣ ስለ ልጆቻችን መጨነቅዎን እግዜር ይይልዎት። ጠበቃው የጻፉትን ስለ መድፈርና ስለ ጠለፋ እቀበላለሁ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን በተመለከተ ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ። ከፖሊስ የጀመረ ሥራ ጋብቻውን አያስቀረውም፣ ይደብቀዋል። ክትትሉ ሲጠብቅ ሰርጉ ክርስትና ወይም የማኅበር ድግስ ነው ተብሎ ሲደገስ፣ ለልጅቱም በሽማግሌ ምስክርነት ዕድሜ ሲጨመርላት አይተናል።

ወላጅ ልጁን ለምን ይድራል የሚለው በደንብ ቢጠየቅ መልሱ ከድህነትና ከልማድ ያልፋል። ጥሎሹም፣ ዘመድነቱም፣ «ቆማ ቀረች» የሚለውም ቃል አለ። ሆኖም ልጁን ከተማ ልኮ የሚያድር አባት ዋና ፍርሃቱ ሌላ ነው። መንገድ ላይ ትጠለፋለች፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ትደፈራለች፣ አርግዛ ትመጣለች ብሎ ይሠጋል፤ ይህ ከሚሆን በክብር ልዳራት ይላል። እንግዲህ የመንገዱና የኪራይ ቤቱ ጥቃት የሚጎዳው የደረሰባትን ልጅ ብቻ አይደለም፤ ያልደረሰባቸውንም ልጆች ከትምህርት ገበታ አስነሥቶ ለጋብቻ ይዳርጋቸዋል። መምህራን ሲመጡ ስለ ጋብቻ ሕግ ይነግሩናል፤ ስለ መንገዱ ምን አስባችኋል ብሎ የጠየቀን ግን የለም።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ሁሉም ይገኛል፤ መምህራኑ እዚያ መጥተው የየቀበሌው ልጆች በአንድ ሰዓት አብረው እንዲነሡ፣ ከወላጆችም ሁለት ሁለት ሰው በተራ እየሸኘ ከተማው እንዲያደርሳቸው እናስማማ። በጸጥታው ምክንያት ለአዋቂውም ለጉዞ የሚከብድ ሳምንት ያጋጥማል፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ልጆቹ ከተማ ላይ የሚቆዩበትን ስንቅ አስቀድመን እናዋጣ። ይህ ብር አይጠይቅም። ልጄ በሰላም እንደምትደርስ ባወቅሁ ጊዜ ለሚመጣው ሽማግሌ «ትማር» ለማለት አፌ ይደፍራል።

መልስ፦ የጤና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ከላይ የጻፉት ወላጅ በጥናት ደጋግሞ የታየውን ነገር በጥቂት ቃል ተናግረውታል፤ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ በማኅበረሰብ ጤና ሙያ ላይ ስላለሁ፣ በእርግጥ ለውጥ ስላመጡና ስላላመጡ ሥራዎች የማውቀውን ላካፍል።

ከእኛው ምድር ልጀምር። ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. በክልላችን ገጠር በምትገኘው ሞሰቦ ሲጀመር ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ነበር፦ ልጃገረዶችን ከአካባቢው በተመረጡ ትልልቅ ሴቶች በሚመሩ ቡድኖች ማሰባሰብ፣ ደብተርና እስክርቢቶን የመሰለ የትምህርት ቁሳቁስ መስጠት፣ ከወላጆችና ከሽማግሌዎች ጋርም የማኅበረሰብ ውይይት ማካሄድ። ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦችም በፍጻሜው የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ግምገማ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ በትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ፣ የመዳር ዕድላቸው ደግሞ በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን እንዲህ አልሆነም፤ እንዲያውም በፕሮግራሙ አካባቢ ያሉት በዚያ ጊዜ ውስጥ ይበልጥ አግብተው ተገኝተዋል። ሁለተኛውን ውጤት ሰዎች ሲያወሩ ይዘሉታል፤ ለእርስዎ ግን ዋናው እርሱ ይመስለኛል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚጀመር ሥራ ለብዙዎቹ ዘግይቷል። ክበብዎ በአቅራቢያው ካሉት የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ተጣምሮ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ቢጀምር፣ ያው ድካም ብዙ እጥፍ ፍሬ ይሰጣል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ትምህርት ቤቱ ጠባይ ነው። በኡጋንዳ ሉዌሮ ወረዳ በ42 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገና በ2007 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ መምህራንና ተማሪዎች አብረው የቅጣትን፣ የመከባበርንና የአስተዳደርን ልማድ እንዲለውጡ የሚያግዝ ሥራ ከተሠራ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ተመታሁ ያሉት ልጆች 31 በመቶ ሲሆኑ፣ ሥራው ባልተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች 49 በመቶ ያህል ነበሩ። ይህ ከጾታዊ ጥቃት ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። መምህር በአርጩሜ በሚገርፍበት ግቢ ውስጥ የተነካች ልጅ ለመምህር አትናገርም፤ ግርፋቱን ከለመደች ደግሞ ትልቅ ሰው በሰውነቷ ላይ ሥልጣን እንዳለው አድርጋ ትቀበላለች። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ በመምህራን ስብሰባ ላይ አርጩሜውን የማስቀረት ጉዳይ የክበብዎ የመጀመሪያ አጀንዳ ቢሆን አልሳሳትም እላለሁ።

ሦስተኛው ስለ ቦታ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በ30 የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት ነበር። ተማሪዎቹ በግቢያቸው ካርታ ላይ የሚፈሩባቸውን ቦታዎች አመለከቱ፤ በእነዚያ ቦታዎች አዋቂዎች እንዲገኙና ጥበቃው እንዲጠነክር ተደረገ። ይህ የተደረገባቸው ትምህርት ቤቶች ወሲባዊ ትንኮሳ ሲቀንስባቸው፣ በክፍል ትምህርት ብቻ የተወሰኑት ያን ያህል አላገኙም። አገሩ የተለየ ነው፣ ዘዴው ግን ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ አይፈልግም። ሴት ልጆቹ ለብቻቸው ተቀምጠው ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ኪራይ ቤታቸው፣ ከኪራይ ቤታቸው እስከ ቀበሌያቸው ያለውን መንገድ ይሣሉ፤ የሚፈሩበትን ቦታና ሰዓት ቀይ ያድርጉት። ወንዶቹም ለብቻቸው ይሣሉ፤ የት ቆመው እንደሚለክፉ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ካርታዎች ለርእሰ መምህሩ፣ ለቀበሌው አስተዳደርና ለወመህ አንድ ላይ ሲቀርቡ፣ ውይይቱ «ሴቶች ይጠንቀቁ» ከሚለው ወጥቶ «ይህ ሥርጥ በማታ ማን ይጠብቀዋል» ወደሚለው ይሸጋገራል። የመጸዳጃ ቤቱንም ጉዳይ እዚያው ያንሡት። የሴቶቹ ከወንዶቹ የተለየና ከውስጥ የሚቀረቀር ካልሆነ፣ ውኃና ሞዴስም ከሌለ፣ በወር አበባ ሰሞን ልጅቱ ትቀራለች፤ የቀረች ልጅ ደግሞ ቀስ በቀስ ትወጣለች።

ወንዶችን በሚመለከት፣ በአዲስ አበባ ከወጣት ወንዶች ጋር በተሠራ ሥራ የቡድን ውይይትና የማኅበረሰብ ቅስቀሳ ሲጣመሩ በፍቅር ጓደኛ ላይ ጥቃት አድርሻለሁ የሚሉት ቀንሰዋል። ውይይቱ በየሳምንቱ፣ በትናንሽ ቡድን፣ ከሚያከብሩት ወንድ መምህር ጋር ቢሆን ይሻላል። በሰልፍ ላይ አንድ ጊዜ የሚደረግ ንግግር ምንም አይለውጥም።

በመጨረሻ፣ የምሥጢር ሳጥን እንስቀል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ በየስንት ቀኑ ማን እንደሚከፍተውና ምን እንደሚያደርግ ሳይወሰን አይሰቀል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ ያልጠየቁ፣ ለማንም ሰው ያልተናገሩ ሆነው ተገኝተዋል። ደፍራ የጻፈች ልጅ መልስ ካጣች፣ ከእርሷ ጋር ጓደኞቿም ዝም ይላሉ።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የካርታውን ሐሳብ በዚህ ሳምንት ከክበቡ አባላት ጋር እንጀምራለን። ለጠበቃው አንድ ነገር ልጨምር። ተጠርጣሪው ራሱ መምህር ሲሆን፣ ባልደረቦቼ «የትምህርት ቤቱ ስም ይጠፋል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጣሉ» ይላሉ። ወላጁ ከላይ እንደ ጻፉት ፍርሃቱ እውነት ስለሆነ፣ ይህ ክርክር ባዶ ሆኖ አይታየኝም። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

ክርክሩ ባዶ አለመሆኑ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን የተገለበጠ ነው። ወላጅ ልጁን የሚያስወጣው አጥፊ መምህር ስለተጠየቀ ሳይሆን፣ ነገሩ ተሸፋፍኖ ሁሉም በጆሮው ሲያወራው ነው። አንድ ሰው ተከሶ ከሥራ ሲታገድ «እዚያ ቤት ልጅ ብትነካ ይጠየቃሉ» ይባላል። አዛውሮ ወደ ሌላ ወረዳ መላክ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ማንም ታሪኩን በማያውቅበት ቦታ ሌሎች ልጆች እጁ ላይ ይወድቃሉ። ትምህርት ሚኒስቴር በትምህርት ቤት የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃትን ለመከላከል ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ አለ፤ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁና መምህራኑ በዓመቱ መጀመሪያ አንብበው ይፈርሙበት። አቤቱታ ሲቀርብ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ተከሳሹ ልጅቱን እንዳያስተምር፣ ፈተናዋንም እንዳያርም ይደረግ። እርሷን ከክፍል ማዛወር አይገባም፤ ቦታ መልቀቅ ያለበት እርሱ ነው።

መልስ፦ አንድ ካህን፣ ምዕራብ ጎጃም

ልጆቼ ሆይ፣ የእናንተን ምክር ሳነብ የእኛ የካህናቱ ድርሻ ሳይነሣ ማለፉ አሳሰበኝ። በገጠር ሰርግ ካለ ካህን አለ። ቀለበት የሚያስር፣ ማዕድ የሚባርክ፣ የንስሐ ልጆቹን ቤት የሚያውቅ እርሱ ነው። የልጅቱንም ዕድሜ ያውቃል፤ ክርስትና ያነሣት እርሱ ወይም የአጥቢያው ወንድሙ ነውና። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንደማትዳር ተደንግጎ ሳለ፣ ሽማግሌ ዕድሜ ጨምሮ ሲመሰክር ካህኑ ዝም ካለ ምስክርነቱን አጸደቀ ማለት ነው።

ሌላም ልናገር የሚገባኝ አለ። ቅስና የሚጠብቅ ዲያቆን ድንግል ማግባት ስላለበት፣ ቤተሰቡ ያለ ጥርጥር እንዲሆን እያለ ትንሽ ልጅ የሚመርጥበት ልማድ በአካባቢያችን አለ። ቤተ ክርስቲያን ድንግልናን ጠየቀች እንጂ ሕፃንነትን አልጠየቀችም፤ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድም በሥርዓት ተክሊል ትደፋለች። ይህን ከዐውደ ምሕረት ላይ የሚናገር የዚያው አጥቢያ ካህን እንጂ ከከተማ የመጣ ባለሙያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መምህርት ሆይ፣ የየቀበሌውን ካህናት ከጥር በፊት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይጥሯቸው። ሰርጉ ከተደገሰ በኋላ የሚመጣ ምክር ቤተሰቡን ለኪሳራና ለእፍረት ስለሚዳርግ ጠብ ያነሣል፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሲሆን ግን ሰው ይሰማል። እሑድ ልጆቹን ስለ መሸኘት የተባለውንም እኛው ከቅዳሴ በኋላ ማወጅ እንችላለን።

መልስ፦ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ

አባታችን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። መምህርት፣ እኔ ከገጠር መጥቼ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በሙሉ በኪራይ ቤት ሆኜ የተማርሁ ነኝና፣ ስለ ኪራይ ቤቱ ያልተነገረውን ልጨምር።

ትምህርት ቤቱ ማን የት እንደሚኖር አያውቅም። ምዝገባ ላይ የሚጠየቀው የቤተሰብ ቀበሌ ነው፤ ልጅቱ ዐሥር ወር የምታድርበት ቤት ግን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። በመስከረም ስትመዘገብ የአከራይዋ ስም፣ ሰፈሩና አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ቢጻፉ፣ ወመህም ከሴት መምህራን ጋር ሆኖ ቤቶቹን ቢዞር፣ አከራዩ ይህች ልጅ ጠያቂ እንዳላት ያውቃል። ይህን ማወቁ ብቻ ብዙ እጅ ይሰበስባል። ጉብኝቱ ላይ የሚታየው ከባድ ነገር አይደለም። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል ወይ? መጸዳጃው የት ነው፣ ማታ ወደዚያ ለመሄድ በማን በር ይታለፋል? በግቢው ውስጥ ሴት አዋቂ አለች? ባሏ የሞተባቸው ወይም ልጆቻቸው የወጡላቸው እናቶች ክፍል ሲያከራዩ ደኅና ይሆናልና፣ የእነርሱን ዝርዝር ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ይዞ ለአዳዲስ ተማሪዎች ወላጆች ቢሰጥ ትልቅ ነገር ነው። የቤት ኪራዩን ወላጅ ራሱ በቀጥታ ለአከራዩ ቢከፍል ደግሞ ገንዘብ ሲዘገይ ልጅቱ አትጠየቅም፤ በእኛ ጊዜ ማታ በር የሚንኳኳው በዚህ ሰበብ ነበር።

ሞባይልና ልብስ ገዝቶ ስለሚሰጥ ሰው ሲነገር ልጃገረዶቹን ስግብግቦች አድርጎ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው። ስንቅ ረቡዕ ላይ እንደሚያልቅ፣ ሳሙናና ሞዴስ መግዣ እንደሚጠፋ፣ በመንገዱ መዘጋት ምክንያትም ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ምንም የማይመጣበት ጊዜ እንዳለ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ክበቡ ለበዓል ዝግጅት ከሚያዋጣው ላይ ትንሽ ለይቶ፣ ሳሙና፣ ሞዴስና ጥቂት ሽሮ በአንዲት ሴት መምህርት ቢሮ ቢያስቀምጥ፣ ጠያቂዋም ስሟ ሳይጻፍ ወስዳ ብትሄድ ጥሩ ነው። ለዚያ የመጣች ልጅ ሌላውንም ነገር የምትናገረው እዚያ ነው። እኛ ዘንድ ችግሯን ለመምህርት የተናገረች ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የሄደችው ሌላ ነገር ለመጠየቅ ነበር።

የአከራዮቹን ዝርዝር የማዘጋጀቱን ሥራ ክረምት ላይ ከጀመራችሁ፣ ከዚያው አካባቢ የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዕረፍት ስለምንወጣ ቤት ለቤት በመዞር ልናግዝ እንችላለን። ቀኑን ከወሰናችሁ በኋላ እዚህ ጻፉልን፤ እኔ ሌሎቹን አስተባብራለሁ።